የተደረደረው ቲማቲም

«ዛሬስ ቲማቲሙን እንደ ሙሽራ አስውቦታል» አሉ የመርማሪዋ እናት። «ይኼ አጭበርባሪ ደህናውን ከላይ፣ የበሰበሰውን ከሥር አድርጎ ነበር ሲሸጥልኝ የኖረው። ምን ነክቶት ነው?»

መርማሪዋ መደቡን እያየች ነበር። መደቡ ላይ ሻጭ የለም። ሞላላዎቹ ቲማቲሞች በስስ ገለባ ላይ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። ገዢዎች እያዩ፣ ሻጩን እየፈለጉ፣ ሲያጡት ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

ሥራ ቦታዋም ሰፈሯም «ቆንጥር» ይሏታል። አንዴ ከያዘች ልብስ ሳትቀድ አትለቅም ለማለት ነው። ዛሬ ግን የዕረፍት ቀኗ ነበር። ዘንቢል አንጠልጥላ፣ እናቷን ተከትላ፣ ገበሬዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሸጡበት ገበያ መጥታለች።

«ጫማሽን ቲማቲም ነካው» አሉ እናቷ።

ጎንበስ አለች። ከመደቡ ሥር፣ ከጆንያው መጋረጃ በታች፣ ቀይ ነገር ቀስ እያለ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ ተኝቷል። ገበያ ውስጥ ቀይ ነገር መርገጥ አዲስ አይደለም፤ ከእሷ በፊት ስንቱ ረግጦት አልፎ እስከ ጎመኑ ተራ ድረስ ዱካ ጥሏል። የቲማቲም ጭማቂ ግን ዳር ዳሩ አይጠቁርም።

«እማዬ፣ እጅሽን ሰብስቢ። ምንም እንዳትነኪ።»

«ልመርጥ ነው እንጂ ልሰርቅ ነው?»

ጆንያውን ገለጠችው።

ቲማቲም ሻጩ እዚያው ነበር። በር የማይበቃው ሰውዬ እንደ ባዶ ከረጢት ተጣጥፎ ከመደቡ ሥር ተወትፏል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ገብቷል፤ ፀጉርና አጥንት አንድ ላይ ተላቁጧል። ዓይኑ ክፍት ነው። ቀኝ እጁ ለቡጢ እንደተጨበጠ ቀርቷል።

እናቷ ጮኹ። ጩኸቱም ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አናወጠው።

መርማሪዋ ለፖሊስ ጣቢያው ደወለች፣ ከዚያ ተንበርክካ የሟቹን አገጭ ነካች። መንጋጋው ግጥም ብሏል። እጇን በመሐረቧ ጠርጋ ስትነሳ ከበስተጀርባዋ የጋሪ እንጨት ሲንገጫገጭ ተሰማ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ሁለተኛውን ጭነት ይዞ መድረሱ ነው። ሬሳውን አየ። ከአፉ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

«ሥጋ ሻጩ! ሥጋ ሻጩ ነው! ባለፈው ቅዳሜ ‹ራስህን ነው የምፈልጠው› ያለው ማን ነው? አልሰማችሁም?»

የሰማ ሞልቶ ነበር። ሥጋ ሻጩና ቲማቲም ሻጩ በበሰበሰ ቲማቲም ክምር ምክንያት ተያይዘው፣ ሰው ገላግሏቸው ነበር። ሥጋ ቤቱ ደግሞ ከመደቡ ጀርባ ነው። የሥጋ ሻጩ ሽርጥም እንደ ወትሮው ደም ነበረው።

ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ሥጋ ሻጩን ከነቢላዋ ሞረዱ ከሱቁ ጎትተው አወጡት። በሣጥን እንጨት ፊቱን አሉት። ሲወድቅ በእርግጫ ተቀበሉት። የእንቁላል ሻጩን ጠረጴዛ ገጭተው ሲያልፉ እንቁላሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሥጋ ሻጩ «ወንድሞቼ፣ ኧረ እኔ አይደለሁም» ሲል ከአፉ ደምና ጥርስ አብሮ ወጣ። ታናሽ ወንድምየው የአካፋ እጀታ አንስቶ ወደ ላይ ሰቀለ።

ሲያወርደው መርማሪዋ ትከሻ ላይ አረፈ።

ሥጋ ሻጩን በሽርጡ ጎትታ ሱቁ ውስጥ ወረወረችው፣ የቆርቆሮውን በር ወደ ታች ሳበችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«ቀጥል» አለችው ወንድምየውን። «መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን። ወንድምህን ማን እንደገደለው ግን ሳታውቅ ትታሰራለህ።»

«አውቄዋለሁ!»

«ከአፍ የወጣ ሁሉ በእጅ ቢሠራ ይኼ ገበያ መቃብር በሆነ ነበር። የጣቢያው መኪና እስኪመጣ ማንም በዚህ በር አያልፍም።»

እናቷ ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቧ መጥተው ቆሙ። «የደፈረ ይሞክር» አሉ። «ጉልበቴ እንጂ እጄ አላረጀም።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። ዱላው ግን አልወረደም። አንዱ ከኋላ «በሩን በእሳት ነው!» ሲል ሌላው «ላምባ አምጡ!» አለ። የሥጋ ሻጩ ነፍስ በአንዲት ሴት ጀርባና በስስ ቆርቆሮ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

መርማሪዋ በበሩ ስንጥቅ ጠየቀችው። «መቼ ነው የገባኸው?»

«ገበያው ከተከፈተ በኋላ። የሥጋው መኪና ዘግይቶ… ከሱው ጋር ነው የመጣሁት። ሰው ሁሉ አይቶኛል።» ድምፁ በአረፋ መሃል የሚመጣ ይመስል ነበር። «እህቴ፣ ልጆች አሉኝ።»

«ዝም ብለህ ተንፍስ።»

ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተስ?»

«ሌሊቱ ሲነጋ ደረስን። ሣጥኑን አራግፌ ሌላ ጭነት ላመጣ ተመለስኩ። እዚህ የቀሩት ወንድሜ፣ ሚስቱና አባቷ ናቸው።»

«አባቷ?»

«እንቁላል ሻጩ። በአንድ ጋሪ ነው የምንመጣው። ሌላው ነጋዴ ገና አልደረሰም ነበር።»

«ስትሄድ ወንድምህ ምን እያደረገ ነበር?»

ወንድምየው መሬት አየ። «እየተሳደበ።»

«ማንን?»

«ሚስቱን ነዋ። ማንን ይሳደባል? አንድ ሣጥን ጥላበት ነበር።»

«መደቡን ማን ደረደረለት?»

«ድርደራ? ወንድሜ መቼ ይደረድራል! ሣጥኑን ገልብጦ ነው የሚሸጠው። ምን ያለ ጥያቄ ነው ሰው ሞቶ?»

«የቲማቲም ጥያቄ ነው» አለች ቆንጥር። «እማዬ፣ በሩን ያዢልኝ።»

«ሂጂ። እኔ አለሁ።»

እንቁላል ሻጩ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛቸውን አቅንተው ያልተሰበሩትን እንቁላሎች ወደ ገለባው እየመለሱ ነበር። የተሰነጠቀውን ለይተው ጣሳ ውስጥ ያኖራሉ። አንድም እንቁላል ከጣታቸው አያመልጥም።

«አባባ፣ አማችዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ገበያው ከተከፈተ በኋላ። ‹ሻይ ልጠጣ፣ መደቤን እዩልኝ› ብሎኝ ሄደ። ሲመለስ አላየሁትም።»

«ከተከፈተ በኋላ? እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ ልጄ።»

ከኋላ ይሰማ የነበረው ሕዝብ አጉረመረመ። «ይኸው! ሥጋ ሻጩ ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው!» ቆርቆሮው በድንጋይ ተመታ። እናቷ ምርኩዛቸውን ወደ ድንጋዩ ወርዋሪ ሰነዘሩ።

መርማሪዋ ሽማግሌውን ለመርዳት አንድ እንቁላል አንስታ ገለባው ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ሳያስቡት መልሰው አነሱትና ገለበጡት።

«ሹሉ ወደ ታች፣ ደፍጣጣው ወደ ላይ። እንዲያ ካልሆነ አይበረክትም።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ለጥቂት ጊዜ የሽማግሌውን ጣቶች አየች። ከዚያ «ልክ ነዎት» ብላ ሄደች።

የቲማቲሙ መደብ ጋ ተመልሳ አንዱን አነሳች። ቀጥሎ ከመሃል፣ ቀጥሎ ከዳር። የሁሉም ሹል ጫፍ ወደ ታች ገለባው ውስጥ ገብቷል፤ ወፍራሙ ወደ ላይ ነው። የበሰበሰ የለም። የተሰነጠቁት ለብቻቸው ጣሳ ውስጥ ናቸው። ከመደቡ ጎን የውኃ ባልዲ አለ፤ ውኃው ሮዝ መልክ ይዟል። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ነከረችና የሚዛኑን ትልቁን ብረት አወጣች። ታጥቧል፤ በመያዣው ቀዳዳ ውስጥ ግን አንድ ጥቁር ፀጉር ተጠቅልሎ ቀርቷል።

በዚህ ጊዜ ሰው መንገድ ለቀቀ። የሟቹ ሚስት ከጤና ጣቢያው መጣች። ቀኝ አንጓዋ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከንፈሯ አብጧል። ፀሐዩ እየከረረ፣ እሷ ወፍራም የወንድ ካፖርት እስከ አንገቷ ቆልፋ ለብሳለች። ባሏን አየችው። አላለቀሰችም።

«የኔ እህት፣ እጅሽን ምን አገኘው?»

«ከጋሪ ወደቅሁ።»

«ከጋሪ የወደቀ ሰው ከንፈሩ ሲያብጥ ጉንጩ ሳይጫር ይቀራል?»

ሴትየዋ በግራ እጇ ከንፈሯን ሸፈነች።

«ጤና ጣቢያ መቼ ሄድሽ?»

አብራት የመጣችው ነርስ መለሰች። «በሩን ስከፍት እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። እኛም የምንከፍተው ከገበያው እኩል ነው። እስካሁን ከእኔ ጋር ነች።»

«ካፖርቱ የማን ነው?»

«በርዶኝ ነው» አለች ሴትየዋ። ላብ ከግንባሯ እየወረደ።

መርማሪዋ ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም። ትከሻዋን እያሻሸች ወደ ቆርቆሮው በር ተመለሰች። ላምባ የያዘው ሰው መጥቷል፤ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

«ጠርሙሱን አስቀምጥ» አለችው። «ሥጋ ሻጩ አልገደለም፤ አሳያችኋለሁ። ካላመናችሁ ጠርሙሱ የትም አይሄድም።»

«እንስማት!» አለ ከኋላ ያለ። «ዝም በሉ እስቲ!»

ወንድምየው እጀታውን አልጣለም። ቀረብ ብሎ ቆመ። ሴትየዋ አባቷ አጠገብ ሄደች።

«ሬሳውን ሳገኘው መንጋጋው ደርቆ ነበር» አለች ቆንጥር። «ሰው እንደሞተ ወዲያው አይደርቅም፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ገበያው ደግሞ ያኔ ከተከፈተ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም ነበር። ሰውዬው የሞተው ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ሥጋ ሻጩ መኪና ላይ ነበር።»

«ሽማግሌው ግን ከተከፈተ በኋላ አየሁት አሉ እኮ!»

«አሉ። እመጣበታለሁ።»

«ከሞተ መደቡን ማን ደረደረው?» አለች ጎመን ሻጯ። «እኔ ስገባ ተደርድሮ ነበር። ሰውዬውን ባላየውም አለ ብዬ ነው ያለፍኩት።»

«ሁላችሁም እንደዚያ ነው ያላችሁት። መደቡ ከተደረደረ ሻጩ አለ። ይኼን የሚያውቅ የገበያ ሰው ነው የደረደረው፤ ሰውዬው በሕይወት እንዲመስል።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተንም ጠርጥሬህ ነበር።»

«እኔን?!» እጀታው ተነሳ።

«መደቡም መሬቱም ላንተ ነው የሚቀረው። ግን አንተ ብትሆን ሣጥን ትገለብጥ ነበር። ይኼን የደረደረው እጅ ግን ቲማቲም አያውቅም። አንድ በአንድ አነሳ፣ ገለባ አነጠፈ፣ የተሰነጠቀውን በጣሳ ለየ። ሹሉን ሁሉ ወደ ታች፣ ደፍጣጣውን ወደ ላይ አደረገ። ሞላላ ነገር ሲይዝ እጁ የሚያውቀው ይኼንኑ ብቻ ነው።»

ማንም ስም አልጠራም። ግን የሰው ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ጠረጴዛ ዞረ።

«እኔ ነኝ!» አለች ሴትየዋ። ጩኸቷ ገበያውን ሰነጠቀው። «እኔ ገደልኩት! እኔም በእንቁላል ነው ያደግሁት። እኔም እንደሱ ነው የምደረድር!»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» አሉ ሽማግሌው።

«አባዬ፣ አንተ ዝም በል!»

«ሁለታችሁም ዝም» አለች ቆንጥር፣ በዝግታ። «የተመታው ከኋላ፣ አናቱ ላይ ነው። ይኼን የሚያህል ሰው አናቱ ላይ የሚመታው ጎንበስ ሲል ነው። እጁ ደግሞ ለቡጢ እንደተጨበጠ ነው የቀረው። ጎንበስ ብሎ ሰው እየመታ ነበር። የሚመታው ሰው ከሥሩ ነው። ከሥር የወደቀ ሰው፣ ያውም አንጓው የተሰበረ፣ ከላይ ያለውን ሰው አናት ከኋላ በሚዛን ብረት አይመታም። ደሙ ግን ይፈስበታል። ስለዚህ ከሥር የነበረው ሰው ልብሱን መሸፈኛ ይፈልጋል።»

ሴትየዋ በግራ እጇ የካፖርቱን አንገት ጨበጠች።

«እንድትፈቺው አላስገድድሽም» አለቻት መርማሪዋ።

ሽማግሌው እጃቸው ላይ የነበረውን እንቁላል ገለባው ላይ አኖሩ። ሹሉን ወደ ታች።

«አይፈታም» አሉ። «ልጄን ሰው ፊት እንዳታራቁቷት። እኔ ነኝ። አንጓዋ ሲሰበር ሰማሁት። የደረቀ ጭራሮ ነው የሚመስለው። ጮኽኩበት፤ አልሰማኝም። ደረቷ ላይ ቆመ። ብረቱ እጄ ውስጥ እንዴት እንደገባ አላውቅም። አንዴ መታሁት። ከዚያ… ከዚያ ማቆም አቃተኝ።»

«ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሰደዷት» አለች መርማሪዋ። «ራስዎን ለማዳን ቢሆን ኖሮ እርስዎም ከገበያው ይርቁ ነበር። ግን ከማለዳ ጀምሮ ከሬሳው ጎን ነው የቆሙት። ባል ሲሞት መጀመሪያ የምትጠረጠረው ሚስት ናት። ከተከፈተ በኋላ ሞተ ከተባለ እሷ ከነርሷ ጋር ነች። ቲማቲሙን የደረደሩት ለእሷ ነው።»

«ለእሷ ነው።»

«ሥጋ ሻጩስ?»

ሽማግሌው ገለባውን በጣታቸው አስተካከሉ።

«አባባ፣ ‹ከተከፈተ በኋላ አየሁት› ሲሉ እኮ ይኼን ሰው ነው ለዱላ የሰጡት። ጥርሱ እግርዎ ሥር ነው የወደቀው። እርስዎ እንቁላል ይለቅሙ ነበር።»

«አንድ ቃል ብናገር መጨረሻው እሷ ጋ የሚደርስ መሰለኝ።» ጎንበስ ብለው እግራቸው ሥር አዩ። «ላምባ ሲሉ ልናገር ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ልናገር ነበር።»

«እናንተስ ላምባ ብላችሁ ምን ልታደርጉ እንደነበር ታውቃላችሁ?» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ። የላምባው ሰውዬ ጠርሙሱን ከጀርባው ደበቀ።

በሩን ወደ ላይ ገፋችው። ሥጋ ሻጩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። በሌላው ሽማግሌውን ረዥም ጊዜ አያቸው።

«እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» አለ። ደም ተፋ። «ግን እርስዎን ይቅር ለማለት መጀመሪያ አፌ ይዳን።»

የጣቢያው መኪና ጥሩምባ ከጎመኑ ተራ ወዲያ ተሰማ። ሽማግሌው ሳይጠየቁ እጃቸውን አንድ ላይ አድርገው ዘረጉ። በስስ ሸሚዝ ናቸው፤ ትከሻቸው እንደ ልጅ ትከሻ ነው። ወንድምየው ግን መንገዱን ዘጋ፤ የአካፋው እጀታ አሁን ወደ እሳቸው ዞሯል።

«የትም አይወስዱትም» አለ። «ወንድሜን እንደ እባብ ቀጥቅጦ! ከጋሪ ስትወድቅ ያየ ሰው አለ። ይኼ ሽማግሌ ነው ሁሉን የፈጠረው! ወንድሜ ተቆጪ ነው እንጂ…»

መርማሪዋ በመሃላቸው ለመግባት ተራመደች። ሴትየዋ ቀደመቻት።

በአንድ እጇ የካፖርቱን ቁልፎች ከላይ ጀምራ ፈታች። ጊዜ ወሰደባት። አንዱ ቁልፍ እንቢ ሲላት የመርማሪዋ እናት ሊያግዟት ጠጋ አሉ፤ በራሷ ጎትታ በጠሰችው። ካፖርቱን አውልቃ መልሳ አባቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

«የምትሄድበት ቦታ ይበርዳል» አለችው።

ቀሚሷ ከአንገቷ እስከ ወገቧ በባሏ ደም ደርቋል። ከደሙ መሃል፣ ልክ ደረቷ ላይ፣ ሙሉ የጫማ ማህተም አለ፤ ተረከዙ፣ የሶሉ ጥርስ፣ በጎን የተለጠፈችው ቁራጭ ጎማ ሳትቀር።

ወንድምየው ማህተሙን አየ። ያችን ጎማ በወንድሙ ጫማ ላይ በገዛ እጁ ነው የለጠፈው።

የአካፋው እጀታ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ማንም አላነሳውም።